ሽማግሌ የሌለበት ፊልም

ያን ቀን ጠዋት ጓሮ ተቀምጬ ጎደሬ እልጥ ነበር። ጎደሬ ጥሬውን እጅ ያሳክካል፤ ዘይት ተቀብቼም አልተወኝም። ልጄ፣ ያንቺ አባት ማለት ነው፣ ከፊቴ ቆሞ የሙዙን ግንድ በክንዱ ይደበድባል። ይጮሃል፣ ይመታል፣ እንደገና ይጮሃል። ያን ያህል ጎረምሳ ሆኖ እንጨት አይፈልጥ፣ ውሃ አይቀዳ፣ የኔን ሙዝ ይገድላል። ካራቴ መሆኑ ነው።

አንቺ ከስልክሽ ላይ "መታየት ያለባቸው የድሮ የቻይና ካራቴ ፊልሞች" ብለሽ ስታነቢልኝ ፊቴ የተለዋወጠው ለዚህ ነው። መታየት ያለባቸው ይላል ደግሞ። እኔ አንድ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል። እንደተናገርኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

አያትሽ የሞተው ዳሪሙ፣ ገጠር እያለን ነው፤ ይኼን ታውቂያለሽ። በቡና ማሳ ድንበር ከጎረቤት ጋር ተጣልተው፣ ሰውየው በገጀራ መታው። ታሰረ። ሲፈታ ጃርሶቹ፣ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ ተቀምጠው ጉማ ጨረሱ፤ ደም አደረቁ። ወንዝ ዳር ከብት ታርዶ፣ የገደለውም የሞተበትም ቤተሰብ በአንድ ገበታ በላን። ከዚያ ወዲያ ከኛ ወገን እጁን የሚያነሳ ካለ እርግማኑ ለልጅ ልጁ ነው። ሥጋው በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። አባትሽም ትንሽ ነበር፣ ከእጄ በላ። እሱ አያስታውሰውም።

ዳሪሙን ትቼ መቱ ከተማ ከገባሁ በኋላም ሰውየው አልቀረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናውን በመኪና ጭኖ ሲመጣ ደጄ ላይ ያርፋል። "እህቴ ደህና ነሽ?" ይላል፣ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ጠጥቶ ይሄዳል። እወደዋለሁ አላልኩም። እርቅ ማለት ግን ይኼው ነው።

ታዲያ ደርግ ወድቆ ክልል ከመጣ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ተከፈተና ልጄ እዚያ ቀለጠ። ያን ጠዋት፣ ቅዳሜ ነው፣ ሙዙን ትቶ ወጣ። ወዲያው ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ልጅዎ ዛሬ ሰውየውን ሊጠብቃቸው ነው አሉ። 'የአባቴን ደም' እያለ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"የኔው ልጅ ነዋ። አብረው አይደል የሚያዩት።"

ጎደሬውን ጥዬ ሄድኩ።

ቪዲዮ ቤት ማለት ጆንያ በሩ ላይ የተሰቀለበት ጨለማ ክፍል ነው። የእግር ሽታ፣ የጫት ገራባ፣ ወለሉ ላይ ምራቅ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። ባለቤቱ "እናት፣ ሴት አይገባም እኮ" አለኝ። "ሴት አይደለሁም፣ እናት ነኝ፤ አንተው አይደል ያልከኝ?" ብዬው ገባሁ። ልጄ አየኝና አንገቱን ቀበረ። ጎትቼ ባወጣው በጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል፣ የተዋረደ ጎረምሳ ደግሞ የባሰ ነው። ከኋላው አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን ልበልሽ። አንድ ሽማግሌ ሩዙን ሲበላ ገብተው፣ ሩዙ አፉ ውስጥ እያለ ገደሉት። ልጁ ተራራ ወጣ፣ ባልዲ ሲሸከም አደገ፣ ወረደና በየጣራው እየዘለለ የሰው ዘር ፈጀ። ደም ይተፋሉ። እንደ ቀይ ሥር ውሃ ያለ ደም ይተፉና እንደገና ይደባደባሉ። ሬሳ የሚገንዝ የለ፣ የሚያለቅስ የለ፤ በሬሳው ላይ ተራምደው ያልፋሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ አንድ ሰው መሃል ገብቶ "ተው" አይልም። ሳላስበው አመለጠኝ።

"እዚህ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"እማማ፣ ሽማግሌውማ መጀመሪያ ሞተ" አለ አንዱ።

"አይዞዎት፣ አክተሩ አይሞትም" አለ ሌላው።

መጨረሻ ላይ ገዳዩ ወደቀ። አክተሩ ሰይፉን ከሰውነቱ ሲመዝ፣ በሩ ላይ አንድ ሕፃን ቆሟል። የገዳዩ ልጅ ነው። አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ያያል። እዚያ ላይ ፊልሙ አለቀ፣ ጎረምሶቹም አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ እስከዛሬ ይቀፈኛል።

የልጄን ትከሻ ነካሁት።

"ያ ልጅስ?"

"የቱ?"

"በሩ ላይ የቆመው። ምን ይሆናል?"

ጓደኛው ነው የመለሰልኝ። "ክፍል ሁለት አለው እማማ። ልጁ አድጎ አክተሩን ሊገድል ይመጣል።"

"ከዚያስ?"

"ክፍል ሦስትም አለ አሉ። እኛ ጋ አልደረሰም።"

"ዳሪሙ ያለው ሰውዬም ልጆች አሉት" አልኩት ልጄን፤ "የመጨረሻው ገና ዳዴ ይላል።" ብዬው ወጣሁ።

ከሰዓት ሰውየው መጣ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ልጄ ገባ። ሰውየው ሲያየው ተነስቶ ቆመ። እኔ ውሃውን በጣሳ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ ቆሞ አየው፣ አየው። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ፣

"ልጆችህ ደህና ናቸው?" አለው። አንተ ብሎ ነው ያናገረው፣ በዕድሜ አባቱን።

"ደህና ናቸው" አለ ሰውየው።

ልጄ ጣሳውን ከእጄ ተቀብሎ ሰጠውና ወደ ጓሮ ዞረ። ሲያስመልሰው ሰማሁ። አልሄድኩለትም። እኔም የወንዝ ዳሩን ሥጋ በልቼ የመጣሁ ማታ እንደዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ መታየት ያለበት ካልሽኝ በሩ ላይ ያለውን ሕፃን እዪ። ሌላው ቆሻሻ ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቴ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እርስዎ ቪዲዮ ቤት ሲገቡ እኔ እኮ መናኸሪያ ሄጄ ነበር" አለችኝ። "ሰውየውን ከመኪናው ሲወርዱ አገኘኋቸው። 'ዛሬ እዚያ ቤት አይሂዱ፣ ልጁ እየጠበቀዎት ነው' አልኳቸው።"

"ምን አለ?"

"'ዛሬ ከቀረሁማ ያኔ የበላነው ውሸት ነበር ማለት ነው' አሉኝ። ዱላቸውን ለኔ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ነው እርስዎ ጋ የመጡት። ሲመለሱም ረሱት፣ ይኸው እኔ ጋ ነው።"