ባለ ሁለት ጋቢናዋ

እኔ የምነዳት መኪና ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ናት። የመንግሥት፣ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ናት፤ ፊት ሁለት፣ ኋላ ሦስት ሰው ትይዛለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ነው፣ የማዳበሪያ ከረጢት የምንጥልበት። ለዚያ ክፍት ቦታ ሲባል ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው «ጭነት» ነው። ገንዳ ውሃ ግቢያችን ውስጥ ከጎኗ የምትቆመው ሃርድቶፕ ሞተሯም ያው፣ ጎማዋም ያው፤ ጀርባዋ ዝግ ስለሆነ ግን የሰው መኪና ተብላለች። አስፋልት ላይ ከኔ በላይ እንድትሮጥ ተፈቅዶላታል። እኔ ሰሊጥ ከሚጭነው አይሱዙ ጋር እኩል ነኝ።

ይህን ለሰው ማስረዳት ታክቶኛል። የሚሳፈረው ሁሉ፣ ኃላፊው ጭምር፣ ምን ሆነህ ነው፣ ሚኒባስ እንኳ ጥሎን ሄደ እኮ ይለኛል። ሚኒባሱም ሕዝብ ጫኝ ነውና የራሱ ገደብ አለበት፤ ሹፌሩ ግን ትራፊክ ካላየ ገደብም አያይም። እኔም አንድ ቀን እንደሱ ልሁን ብዬ ጎንደር መንገድ ላይ ተያዝኩ። ይቺ እኮ የፊልድ መኪና ናት፣ ሰው ነው የያዝኩት ብዬ ተከራከርኩ። ትራፊኩ ሊብሬውን ገልጦ በጣቱ ጠቆመኝ፤ ከእንግዲህ አንድ ጥፋት ብትጨምር መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ረጋ ብሎ ነው የነገረኝ። መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሹፌር ማን ምን ያደርገዋል? ቤቴ የሚያድረው በዚችው ወረቀት ነው።

የጋሼ ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጋሼ የምላቸው የሰብል ባለሙያችንን ነው፤ ጡረታ የቀረባቸው፣ የጭልጋ ሰው። ስንት ዘመን ከጎኔ ተቀምጠው ቋራንና መተማን ዞረናል፣ የገለጉን አቧራ አብረን ውጠናል። ጎማ በፈነዳብን ቁጥር በዚያ ቃጠሎ ጥላ ፈልገው ይቀመጡና እንዳንተ ያለ ሹፌር ለጠላትም አይስጥ እያሉ ያስቁኝ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ኮኪት፣ ማሳ ውስጥ እንዳለን ስልክ ተደወለላቸው። እናታቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእናታቸው ታላቅ ልጅ እሳቸው ናቸው። አፈር ሳይለብሱ ልድረስላቸው አሉኝ። ኃላፊውም በስልክ ይዘሃቸው ሂድ አለ።

ከማሳው እስክንወጣ፣ ኬላ ላይም እስክንፈተሽ ጊዜው ሄደ። ከገንዳ ውሃ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። እግሬ ነዳጁን ልርገጥ ልርገጥ ይላል፤ ዓይኔ ከፍጥነት ቆጣሪው አይነሳም። ሚኒባስ አለፈን። ሃርድቶፕም አለፈን። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያም፦

«ልጄ፣ እኔም ጭነት ነኝ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ከያዙኝ መንጃ ፈቃዴ ይሄዳል አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። እውነትም ያውቃሉ፤ የተያዝኩ ዕለት ከጎኔ ነበሩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በልቤ ልርገጠው፣ የመጣው ይምጣ እላለሁ፤ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከዛፉ ሥር ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው የቆመ ይመስለኛል። እስከ ጭልጋ ድረስ አንድም ትራፊክ አልነበረም።

ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። አካፋ የተሸከሙ ወጣቶች መንገድ ለቀቁልን። ጋሼ ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ መቃብሩም ብቻቸውን ሄዱ።

ተቆጥተውኝ አያውቁም። ለቅሶውን ጨርሰው ሲመለሱ እጄን ጨብጠው ስላደረስከኝ እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሕግ ነው ያከበርኩት፤ ማንን ልክሰስ? ዛሬም ወደ ማሳ ስንወጣ የፊቱን በር ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ። እሳቸው ግን ደህና አደርክ ብለውኝ ያልፉና የኋላውን በር ይከፍታሉ። እኔም ባዶውን ወንበር ከጎኔ ይዤ በጭነት ልክ እነዳለሁ።