የእናቴ ሂናና የጣት ማሽኑ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚሁ አሶሳ ነው። እናቴ ዛሬ ደህና ናት፤ ስለዚህ ነገሩ ከአእምሮዬ ሊወጣ ይገባው ነበር። አልወጣም።

እናቴ አስም አለባት። ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ትንሽ ማሽን ገዛሁላት። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ጣቷን ትሰጠኛለች፤ ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ልቤ ያርፋል። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ እንኳ ሲደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ማለት ትተው «ዛሬ ስንት አለ?» ሆኗል ጥያቄያቸው።

የጎረቤታችን የእማማ አሚና ልጅ ስታገባ እናቴም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሂና ተቀባች። የእጇ ጣቶች ከነጥፍራቸው ጠቆሩ። በማግስቱ ማሽኑ በጣም የወረደ ቁጥር አሳየኝ። ክው አልኩ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምንም አልሆንኩም፤ ቢያንስ ልብሴን ልቀይር!» እያለች በባጃጅ አጣድፌ ሆስፒታል ወሰድኳት። ነርሷ ሂና ያልነካው የእግር ጣቷ ላይ ለካቻት። ደህና ናት። ጥቁር ሂና ማሽኑን እንደሚያሳስተው ነገረችን። እናቴ እስከ ቤት ድረስ ለባጃጁ ሹፌር ስታማኝ ተመለስን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በልማድ ሂናው ያልለቀቀውን የእጇን ጣት ብለካ ቁጥሩ እንደገና ወርዷል። የእግሯን ጣት ልለካ ጎንበስ ስል እግሯን ሰበሰበች።

«ሂናው ነው» አለችኝ።

ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሥራም ረፍዶብኛል። እውነቷን ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

በሩ ላይ እማማ አሚና ከሠርጉ የተረፈ ጣፋጭ ይዘው ሲገቡ ተገናኘን። የእሳቸው ሰላምታ ረጅም ነው። ጤናውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ እናቴም እየተቀባበለች ትመልሳለች። ያን ቀን ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እማማ አሚና ሳህኑን አስቀመጡ። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ በአማርኛቸው ሴቱም ወንዱም አንድ ነው።

«አንተ የት ትሄዳለህ? እሱ ሰላምታ አልመለሰም!» አሉኝ ወደ እናቴ እያመለከቱ። «ሂና ነው» አልኳቸው፤ ማሽኑን አሳየኋቸው።

«ማሽኑን ተው! ሰውየውን እይ፣ ወላሂ! ትንፋሽ የለውም!»

አየኋት። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለካ ከነቃች ጀምሮ ከሁለት ቃል በላይ አልተናገረችም።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን ተደረገላት። ሐኪሙ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እንደማንደርስላት ነገረን። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ቁጥሩ ሲያምር አላምነውም፤ ሲወርድም አላምነውም፤ ሳላየው ደግሞ ከቤት አልወጣም። መሥሪያ ቤት ሆኜ በሆነ ባልሆነው እደውልላታለሁ።

«ደግሞ ምን ፈለግሽ?» ትለኛለች።

«ምንም። ዝም ብለሽ አውሪኝ።»

ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤቱ ታወራለች። ወሬው ጆሮዬ አይገባም። እኔ የማዳምጠው መሃል ላይ አየር ለመሳብ የምታቆምባትን ቦታ ነው።