ገጀራ የሚያድርበት ቤት

በኅዳር አጋማሽ ከበደሌ የተነሳሁት እህቴን ዘነበችን ከኡካ አውጥቼ ላመጣት ነበር። ዘነበች ጠላ ትሸጣለች፤ ሰፈሯ የደሃ ቡና ለቃሚዎች ሰፈር ነው። ቡና በደረሰ ቁጥር ገንዘብ ይገባል፣ መጠጥ ይበዛል፣ ደም ይፈሳል። አምና ደጃፏ ላይ አንድ ለቃሚ በገጀራ ተመትቶ ሞተ። ዘንድሮ እምቢ ብትል እንኳ ተሸክሜ ላመጣት ቆርጬ ነበር።

መቱ

የያዮን ጫካ አልፈን መቱ ስንደርስ ፍርፍር በላሁ፤ ሚጥሚጣው ንዴቴን አባሰው። ወደ ኡካ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከሰው ይልቅ ጆንያ ያከብራል። አንዱን ጆንያ ጉልበቴ ላይ ጭነውብኝ አቧራ እየዋጥኩ ሄድኩ።

ኡካ

«ጋሼ፣ ዛሬ የመኸሩ የመጀመሪያ ትልቅ ገበያ ነው። እስኪመሽ ይቆዩ፤ ከዚያ ይቆጡኛል» አለችኝ ዘነበች።

«አምና ያየሽው አይበቃሽም?»

«ለቃሚዎቹ ክፉ ሆነው መሰለዎት? ተደራርበው የሚያድሩበት ቤት ቁልፍ የለውም። ገጀራውን ትቶት ቢወጣ ይሰረቃል፤ ስለዚህ ታጥቆት ይጠጣል።»

ለዚህ ሲል የሰፈሩ ዕድር ዘንድሮ ዕቃ ቤቱን ከፍቶላቸዋል። ከሥራ ሲመለሱ ገጀራቸውን እዚያ ያሳድራሉ፣ ጠዋት ይወስዳሉ። ገጀራ ለታጠቀ ሰው ደግሞ አንድም ጠላ ቤት አይቀዳም። የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታን ይህን እንዴት እንዳሰቡት ብጠይቃቸው፣ «የለቅሶ ድንኳን መትከል ሰልችቶን ነው» አሉኝ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ዘነበች ጠላ ቤት ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሲመሻሽ ሁለት ለቃሚዎች በመቀመጫ የተነሳ ተጣሉ። አንደኛው ብድግ ብሎ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ሰውየው ግራ ቀኙን ዳበሰ፤ ምንም የለም። ጡጫውን ጨብጦ ይጠብቅ የነበረው ባላጋራው ሳቅ አመለጠውና በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ።

«ዲሲ! ተወው! ነገ ጠዋት ዕድር ቤት እንገናኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ገጀራውን የፈለገውም ሳቀና ወንበሩን ለቀቀለት። ዘነበች እልል አለች፤ እኔም በደስታ አጨበጨብኩ። ያን ምሽት ከጠላ ቤቱ ሁሉም በእግሩ ወጣ።

በደሌ

ደም የመኸሩ ግብር ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ የጎደለው ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ኖሯል። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ለዘነበች አልጋ አንጥፋ ደጅ ቆማለች።

«ምነው ብቻህን? እምቢ አለችህ?»

«አልጠየቅኳትም» አልኩና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።