በሩፋኤል ዕለት ያጠብኳቸው ብሎኖች

ሰበታ በክረምት ከተማ መሆኗን ትረሳለች። ጭጋጉ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ የፋብሪካችንን ግቢ ሲሞላው፣ ፎርክሊፍቱ እንኳ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ያኔ የመጋዘን ረዳት ሆኜ በሙከራ ተቀጥሬያለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ የመጋዘኑ ኃላፊ «ትችላለች» ብለው ከፈረሙልኝ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልፈረሙልኝ ቡራዩ፣ ተመልሼ እናቴ ቤት። ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ኃላፊው ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ነበሩ። ክረምት ሲገባ ዋና ሥራችን ብሎንና ዳዶ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ሽቦ ላይ ማንጠፍጠፍና በወረቀት መጠቅለል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጣቶቼ ዘይቱ ውስጥ ሲዋኙ፣ እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ነገር ይዞኝ ይሄዳል። ያንን ሰዓት እወደው ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ እህታቸው አረፉና ሽማግሌው ለቅሶ ሱሉልታ ሄዱ። ከአዲስ ዓመት በኋላ የሚተከለው ማሽን ብሎኖች እኔ እጅ ቀሩ። ዘይታቸው አቧራ ጠጥቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ሰው ሁሉ ለበዓል ቤቱን በሚያጥብበት ሰሞን የእኛ ዕቃ እንዲህ መሆኑ አሳፈረኝ። የሩፋኤል ዕለት፣ የግቢው ሴቶች ለበረከት በዝናቡ ሲጠመቁ፣ እኔ ብሎኖቹን በዱቄት ሳሙና አጥቤ በዚያው ዝናብ አለቀለቅኳቸው። እንደ ብር አበሩ። በጨርቅ አበስኩና ባልዲ ውስጥ ከድኜ፣ ደስ ብሎኝ ለበዓል ቤቴ ገባሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ሽማግሌው ሲመለሱ ላሳያቸው ቸኩዬ ክዳኑን ያነሳሁት እኔው ነኝ። ባልዲው በርበሬ የሞላበት ይመስላል። ማሽን ተካዮቹ ደግሞ በማግስቱ ይመጣሉ።

«ዘይቱስ?» አሉኝ።

«ቆሽሾ ነበር ጋሼ፤ አጠብኩት።»

ኮታቸውን አወለቁ። ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ አምጥተው ቀኑን ሙሉ ዝገት ስንፈገፍግ ዋልን። ጥርሱ የተበላውን እያዩ «ይሄ አይገባም፤ ከሥሩ ሰው ይሠራል» እያሉ ለብቻ ያስቀምጡ ነበር።

ወደ ማምሻው ሥራ አስኪያጁ መጣ። የተጣሉትን አይቶ ማን እንዳበላሻቸው ጠየቀ። አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷማ አዲስ ናት፤ ዘይቱ እንደማይነካ አልነገርኳትም።»

ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው ሰው፣ በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉ። እኔን ቋሚ የሚያደርገውን ወረቀት የፈረሙት በዚያው ሳምንት ነው። ላመሰግናቸው ስጀምር «ዲሲ ኢንተላ ኮ፣ ተይው ልጄ፤ ዳዶውን ንከሪ» አሉኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነግረውኝ ነበርና። ገና ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አንድ ብሎን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ «ቆሻሻ ቢመስልሽም ዘይቱን እንዳታነሺው» ብለውኛል። እኔ ዝናቡን እያዳመጥኩ ነበር።