የሰንበቴ አንገት

ሰንበቴ በባምባሲ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ድምጿ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር። ደንበኛዋን ከሩቅ በስሙ ትጣራለች፤ ስሙን ካላወቀችው በልብሱ ትይዘዋለች፤ «አንተ ባለ ቢጫው! ትናንት የገዛኸው አለቀ ወይስ ሚስትህ ደበቀችብህ?» ትለዋለች። ከእሷ አፍ የወጣ ስድብ ያስቃል እንጂ አያስቀይምም። «ይኼ በርበሬ ነው ወይስ የጡብ ዱቄት?» ያላትን ሹፌር፣ «ቅመሰው፣ ካላለቀስክ በነጻ ውሰድ» ብላ አስለቅሳ ሁለት ኪሎ ሸጣለታለች። አጠገቧ ከርከዴና ዝንጅብል የምትሸጠው የበርታዋ ኸድራ በሰንበቴ ቀልድ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ነው የምትውለው።

ባሏ ኢተፋ ጎሚስታ ነው። ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ሲሰፍሩ አንድ ፓምፕና አንድ ገንዳ ውሃ ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ እዚያው ዕድሜውን ፈጀ። እጁ ጥቁር ነው፣ ምላሱ ግን ማር። መቼም ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው፤ የኢተፋን ያህል ምሳሌ የሚያፈላ ሰው ግን በዚያ መንገድ አልታየም።

ጸሎት ቤታቸው እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ቀጥሎ «ከኑሮዬ» የምትባል የአምስት ደቂቃ ጊዜ አላት። አንድ ምእመን ይነሳና በሳምንቱ ከገጠመው ነገር ጌታ ምን እንዳስተማረው ይናገራል። ኢተፋ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት የተናገረውን፣ ሐሜት ወዳድ ብሆንም፣ አላቃልለውም። «ወገኖቼ፣» አለ፣ «ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው በዐይን አይታይም። ነፍቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው ግን አረፋ ያወጣል። ጌታም መከራ ውስጥ የሚነክረን ሊያሰጥመን አይደለም። ቀዳዳችንን አይቶ ሊለጥፈን ነው።» ሰው አለቀሰ። ሰንበቴም አለቀሰች። እንዲህ ያለ ባል ሰጠኝ ብላ ኮራች፤ ያን ሰሞን በርበሬውን እየጨመረች መዘነች።

ግን ጎማ ስንት ዓይነት ቀዳዳ አለው? ሁለት ወር ሳይሞላ ትምህርቱ አለቀበት። እልልታው ደግሞ ጥሞታል፤ ስለዚህ ከጎማ ወደ ሰው ዞረ። ቦይ ውስጥ የወደቀውን ሰካራም ጎረቤቱን ስሙን ጠርቶ ምሳሌ አደረገው። ላሟ የሞተችባትን መበለት ደግሞ፣ «ጌታ ጣዖቷን ወሰደላት» አላት። መበለቲቱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ለካ በማይክራፎንም ይሠራል። ሰንበቴ ያን ዕለት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። የሰው ላም ነበረቻ!

የእሷ እንቅርት ሲጀምር ሎሚ ያህል ነበር። እንቅርት በዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ በየገበያው ከአሥር ሴት አንዷ ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ታዩዋታላችሁ። ሰንበቴም ጠምጥማ ሥራዋን ቀጠለች። ነገር የመጣው ኢተፋ አንድ እሑድ፣ ጳውሎስ ሥጋው ውስጥ የተተከለውን እሾህ አንሣልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ ጸጋዬ ይበቃሃል የተባለበትን ክፍል ካነበበ በኋላ ነው። መጽሐፉን አጠፈና፣ «ሰንበቴ፣ ተነሺ» አለ። ተነሳች። «ሻሽሽን ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረገችው። አራት መቶ ሰው አንገቷን አየ።

«የቤቴ እሾህ ይኸው!» አለ ኢተፋ። «ይህች ሴት ድምፀ ትልቅ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ገበያው የእሷ ነው። ጌታ ልቧ እንዳይታበይ አንገቷ ላይ ምልክት አኖረ። እኛ አንሣልን አልን፤ እሱ ጸጋ ይበቃችኋል አለን።» እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ሲወጡ ሴቶቹ እየመጡ አንገቷን ዳሰሱት። አንዷማ ሳመችው።

ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ የባሏ ዕቃ ሆነች። ጉባኤ በተጠራበት ሁሉ ፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ሻሿን ራሱ ያስተካክልላታል፤ «ዝቅ አድርጊው እንጂ፣ ከኋላ ያሉትም ይዩ» ይላታል። እንቅርቱ ሲያድግ ዝናውም አብሮ አደገ። ሎሚው ብርቱካን ሲሆን ከባምባሲ ወጥቶ አሶሳ ድረስ ተጋበዘ።

«አባ ቃናኒ፣» አለችው አንድ ቀን፣ በልጃቸው ስም ጠርታ፤ «ጋደም ስል ያፍነኛል። ተቀምጬ ነው የማድረው።»

«ጳውሎስም ስንቱን ችሏል።»

«ጳውሎስ በርበሬ አልተሸከመም!»

ሳቀ። እሑድ ይህንኑ ተናገረው፤ የእሷን አባባል የማጉረምረም ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ሕዝቡም ሳቀባት።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የሐኪሞች ቡድን አሶሳ መጣ፤ እንቅርት በነጻ የሚያወጣ። ወሬውን ያመጣችው ኸድራ ናት፤ እሷም ከሻሿ ሥር አንድ ነበራት። ሁለቱ አብረው ሄደው ተመዘገቡ፣ አብረው ተመረመሩ፣ ለተመሳሳይ ቀን ቀጠሮ ተሰጣቸው። የቀረው ፊርማ ነው። ባል ያላት ሴት ባሏ ይምጣና ይፈርም አሉ። የኸድራ ባል አልአሚን እያጉረመረመ ሄዶ ፈረመ። ኢተፋ ወረቀቱን ገልብጦ አየና መለሰላት።

«እሑድ ማንኩሽ ተጠርተናል» አለ። «የግድቡ ሠራተኞች ኅብረት ነው የጠራን። አንቺ ከሌለሽ ምን ይዤ እቆማለሁ?»

«እኔ ከሞትኩስ?»

ይቺን ጥያቄ አልወደዳትም። ፊቱን አኮሳተረና፣ «ጌታ የተከለውን ሐኪም አይነቅለውም። ጊዜው ሲደርስ እሱ ራሱ ያሳየናል» አላት። ወረቀቱንም መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው፤ እዚያ የገባ ነገር ቅዱስ ይሆናል መሰለኝ።

ኸድራ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት ሰንበቴ ማንኩሽ ነበረች። የማንኩሽ ሙቀት ጤነኛውንም ያፍናል። በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የብረት ሥራ ጎረምሶች ተደርድረው፣ ኢተፋ እሾህ እሾህ እያለ ሲሰብክ፣ እሷ በአፏ አየር እየሳበች ተቀምጣለች። አንዱ ጎረምሳ ተንበርክኮ አንገቷን ነካና አነባ። ሰንበቴ ከላይ አየችው፤ እናቱን የናፈቀ ልጅ ነው፣ አሳዘናት። ባሏን ግን ጠላችው። በትዳሯ ዘመን ተቆጥታው ታውቃለች፣ አኩርፋው ታውቃለች፣ እንደዚያ ቀን ጠልታው ግን አታውቅም። ጠልታውም፣ ዝቅ አድርጊው ሲላት ሻሿን ዝቅ አደረገች።

ኸድራ በሦስተኛው ሳምንት ገበያ ተመለሰች። አንገቷ ላይ ክር የመሰለ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። «አንቺ ሞኝ ነው፣» አለቻት፤ «እኔም ፈርቶ ነበር፣ ዋላሂ። ቆረጠ፣ ሰፋ፣ አለቀ። አሁን ገንፎ እንኳ ዝም ብሎ ይወርዳል። አንቺ ለምን አልመጣም?» ሰንበቴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ በርበሬዋ ዞረች። እንቅርቴን ባሌ ይፈልገዋል ይባላል?

ሁለት ዓመት አለፈ። ብርቱካኑ ዱባ ሆነ። በርበሬ ተሸክማ አሥር እርምጃ ስትሄድ ቆማ ታለከልካለች። የሚገርማችሁ፣ የኢተፋ ገበያ በዚያው ሰሞን ቀዘቀዘ። ከቤጊ በኩል አንድ ሽባ ነበርኩ የሚል ሰው መጥቶ በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ ሮጠ፤ ሕዝቡ ሯጩን ወደደ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጃለታ ኢተፋን ወደ ጎን ወስዶ፣ «ኦቦ ኢተፋ፣ ሰው አሁን እሾህ ሰልችቶታል፤ ፈውስ ነው የሚፈልገው» አለው። ኢተፋ አንድ ሳምንት አሰበበት። የሐኪሞቹ ቡድን ዳግም አሶሳ መግባቱን ሲሰማ ወረቀቱን ከመጽሐፉ መካከል አወጣና፣ «ሰንበቴ፣ የጌታ ጊዜ ደርሷል!» አላት። እሷ የተደሰተው ለፈውሱ ምስክርነት መሆኑ ገብቷታል። ቢሆንም ተነሳች፣ ሄደች። አየር ያጠረው ሰው መስኮቱን ማን ከፈተልኝ ብሎ አይጠይቅም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ። አንገቷን ዳሰሰ፣ የራጅ ፎቶዋን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየ፣ ከዚያ ከሁለት ዓመት በፊት የተሞላውን ካርድ አነበበና ቀና አለ።

«ያኔ ለምን አልመጣችሁም?»

ሰንበቴ ኢተፋን አየች። ኢተፋ ጫማውን አየ።

«የጌታ ጊዜ አልነበረም» አለ ኢተፋ።

«ያኔ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ትገባ ነበር» አለ ሐኪሙ። «አሁን ወደ ደረቷ ወርዷል። ድምፅ የሚያወጣውን ነርቭ ውስጡ ቀብሮታል። ካልወጣ አፍኖ ይገድላታል፣ ስለዚህ እናወጣዋለን። ድምጿ ይተርፋል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም። ይህን ያመጣው መቆየቱ ነው። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አለ ኢተፋ፤ ፈረመም።

ወጣላት። ከስንት ዓመት በኋላ በጀርባዋ ተጋድማ እንደ ሕፃን ተኛች። ስትነቃ ነርሷን ውሃ ለመነቻት፤ ነርሷ ጆሮዋን አፏ ላይ ደቅና እንኳ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። በስድስት ወር ድምፃቸው የሚመለስላቸው አሉ፣ የማይመለስላቸውም አሉ ተባለች። ሰባተኛው ወር አለፈ፣ አልተመለሰላትም።

ገበያ ላይ ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ዋጋ ይጠይቃታል፣ ትነግረዋለች፣ አይሰማም፣ ትደግምለታለች፣ ይሰለችና ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል። ያስለቀሰችው ሹፌር እንኳ በአጠገቧ ሲያልፍ ታምማለች ብሎ ነው መሰለኝ ፈጠን ይላል። ኸድራ ናት ቆማ የምትጣራላት፦ «በርበሬ ነው! ጥሩ ነው! ይቺ ሰው አይጮህም፣ እኔ ጮኸለት!» ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱም ይገዛል። ሰንበቴ ማታ ቤቷ ስትገባ የሚያማት የገበያው መቀነስ አልነበረም። ሳቋን ነው ያጣችው። ስትስቅ አፏ ይከፈታል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም፤ ያየ ሰው የምታለቅስ ይመስለዋል።

ኢተፋም በበኩሉ ተቸግሮ ነበር። ፈውስ ብሎ እንዳይመሰክር ሚስቱ ዲዳ ሆናበታለች፤ እሾህ ብሎ እንዳይቀጥል እሾሁ ተነቅሏል። እሑድ እሑድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ «ከኑሮዬ» ሲባል የሚነሳው ሌላ ሰው ነው። ምነው እንዲህ በቀረ! አንድ ጠዋት ግን ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ሉቃስን ሲያነብ ድንገት ጭኑን መታ። ቀና ብሎ በርበሬ የምትለቅመውን ሰንበቴን አየ፤ ዐይኑ በራ። ያን ዐይን ታውቀዋለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ተው፣ አታድርገው። እሱ ንባቡን ቀጥሏል።

እሑድ ተነሳ። «ሰንበቴ፣ ነይ ወደ ፊት» አለ። አራት መቶ ሰው ዞሮ አያት። ባትሄድ አመፀኛ ልትባል ነው፤ ሄደች።

«ዘካርያስን ታውቁታላችሁ» አለ ኢተፋ። ድምፁ የድሮው ሆኖለታል። «መልአክ ነግሮት አላመነም፤ ዲዳ ሆነ። እኔም በቤቴ ጸጋ ይበቃናል ስል፣ ይህች እህታችሁ አልበቃኝም አለች። ጳውሎስ በርበሬ አልተሸከመም ብላ ያሾፈችውን ታስታውሳላችሁ? ያ አፍ ዛሬ የት አለ? የጌታን እሾህ ለመንቀል ቸኮለች፤ እሾሁ ተነቀለ፣ አፏም ተዘጋ!»

ከሕዝቡ የፍርሃት ማቃሰት ወጣ። ፊት የተቀመጡት ሴቶች፣ ያኔ አንገቷን የዳሰሱት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቸኮለች! ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ አየር የለመነችው ሴት ቸኮለች ተባለች። ሰንበቴ በንዴት ወደ ባሏ ተጠጋች፤ ሰው ግን ለንስሐ መሰለው። የኢተፋን ኮት እጅጌ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችው፣ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች፣ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቅማ ተናገረች።

«ሐኪሙ ያለውን ንገራቸው።»

ኢተፋ ሰማ። ከዚያ ሁሉ ሰው እሱ ብቻ ሰማ። መስማቱንም እሷ አየች፤ ዐይኑ አንዴ ወደ ወለሉ ወረደና ተመለሰ። ማይክራፎኑን ወደ አፉ አመጣ።

«ጌታ ይመስገን በሉልኝ ትላለች» አለ።

አዳራሹ ብድግ አለ። «ይመስገን!» አራት መቶ ጉሮሮ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ፤ ሽማግሌው ጃለታ እንባውን በመዳፉ ይጠርጋል። ሰንበቴ እጅጌውን በሁለት እጇ ያዘች። የአንገቷ ጠባሳ እስኪቀላ ድረስ ገፍታ፣ «ንገራቸው!» አለችው።

ኢተፋ ወደ እሷ አልዞረም።

«ድገሙት ትላለች» አለ።

ደገሙት።