የጋራዡ አከፋፈት

በያጁ ቼዝ የለመደው በከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ከላሜራ የቆረጠው ራሱ ነው፤ ወታደሮቹ የብሎን ዳዶ፣ ንጉሡ ያረጀ የሞተር ካንዴላ ነበሩ። የምሳ እረፍት አጭር ስለሆነ የጋራዡ ሰዎች የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጨዋታ ሲጀመር ሁለት ወታደር በአንዴ፣ በግራና በቀኝ እጅ፣ አንድ አንድ እርምጃ ይገፋል። ሌላ አከፋፈት አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። በያጁ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲከፍት የሚረታው ጠፋ።

ሚስቱ ግን ለቼዝ ደንታ አልነበራትም። ምሳ ዕቃው ሳይነካ በተመለሰ ቁጥር፣ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ አንተ ደግሞ ዳዶ ትገፋለህ" ትለዋለች።

ጡረታ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ድርጅቱ የቼዝ ዋንጫ አዘጋጀ። ጋራዡ እሱን፣ ቢሮው ሒሳብ ሹሙን አቀረበ። በያጁ ሚስቱን ለመናት።

"አንዴ መጥተሽ እዪኝ። ሥራ ፈት እንዳልነበርኩ ታውቂያለሽ።"

መጣች፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ነጩ ለእሱ ደረሰው። ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ ሁለት ወታደር ገፋ።

የቢሮ ሰዎች ሳቁ። "የለመደች ጦጣ..." አለ አንዱ ከኋላ። በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችለው ዳኛ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ አንድ በአንድ ነው። የግራዋን ይመልሷት" አለው። መለሳት። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። ዳግመኛ እንዳያዋርደው ፈርቶ ግራ እጁን ተቀመጠበት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉም በቀኝ እጁ ብቻ ተጫወተ። ደህና አድርጎም ተጫውቷል። ያቺው የተመለሰችው ወታደር ንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ ሲቀራት ግን የራሱ ንጉሥ መውጫ አጣ፤ ተረታ።

እቤት እስኪደርሱ ሚስቱ ስለ መነኩሴው የምትለውን ሲጠብቅ ነበር።

በጡረታው የመጀመሪያ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ተቀምጧል። ሚስቱ ምሳውን አቀረበች፤ ከበላ በኋላ ጠረጴዛውን ጠርጋ ላሜራውንና ዳዶዎቹን አምጥታ ደረደረች። ንጉሡንና ንግሥቲቱን ስታቀያይር እሱ አስተካከለላት።

"ያቺን ወታደር ባያስመልሱህ ታሸንፍ ነበር?"

"አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ።"

"አይቻለሁ" አለችና በሁለት እጇ ሁለት ዳዶ ገፋች።

አንድ በአንድ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ ተወው። እሱም ሁለቱን ገፋ።