እንጀራ የተቆረሰበት ሳንቃ

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አባቴ ለሕክምና እኔ ዘንድ ሞላሌ በመጡ ጊዜ ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ያን ቀን ሳይታከሙ ሊመለሱብኝ ጥቂት ቀርቷቸው ስለነበር ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዬና ጠባቧ አልጋዬ ከገቡባት በኋላ ለሌላ ሰው መኝታ የሚሆን ቦታ አልተረፈም። አባቴ የሚኖሩት ከራቤል ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነበር። ሳሉ ጠናባቸው፣ ደረታቸውን ያማቸዋል ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ እኔ ጋ ሆነው እንዲታከሙ ለመንኳቸው። እያመነቱም ቢሆን እሺ አሉ።

እስኪመጡ ድረስ ሳንቃ ገዝቼ ሁለት ረዘም ያሉ ሣጥኖች በእጄ መታሁ። ሣጥኖቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሰፊው ሳንቃ ከላይ ይቀመጥና ጠረጴዛ ይሆናል፤ ጨርቅ እቆርጥበታለሁ፣ እበላበታለሁ። በጎናቸው ሲጋደሙ ደግሞ ሳንቃው ዝቅ ብሎ አልጋ ይሆናል። እንዳይንሸራተት ሣጥኖቹ ላይ የእንጨት ችንካር፣ ከሳንቃው ሥር ደግሞ ችንካሩ የሚገባበት ጉድጓድ አበጀሁ። ጣቴን ብዙ ጊዜ መዶሻ መትቶኛል። ሲያልቅ ግን ደስ አለኝ።

አባቴ እንደ መጡ ምሳ አቀረብኩ። እንጀራውን ባርከው ቆረሱ፣ በላን። መንገዱ አድክሟቸው ስለነበር «ትንሽ ጋደም ልበል» አሉኝ። የጠረጴዛውን ሳንቃ አነሣሁ፣ ሣጥኖቹን አጋደምኩ፣ ሳንቃውን መልሼ ፍራሽና ባና አነጠፍኩበት። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል።

«አስካል፣ ይኼ አሁን የበላንበት አይደለም?»

«ነው አባዬ። ጠረጴዛም አልጋም እንዲሆን ነው የሠራሁት።»

«እንጀራ በተቆረሰበት ላይ እግሬን አልዘረጋም። ነውር ነው።»

«እንግዲያው የኔ አልጋ ላይ ይተኙ። እዚህ እኔ እተኛለሁ።»

«አንቺስ ብትሆኚ? ማዕድ ማዕድ ነው።»

መሬት እተኛለሁ ብላቸውም አልሰሙኝም። ልጃቸውን መሬት አስተኝተው እሳቸው አልጋ ላይ እንደማይወጡ ነገሩኝ። «ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ አገሬ ልመለስ። ጠበሉም እዚያው አለ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ወጥተው ተቀመጡ። ሳላቸው እስከ ውስጥ ይሰማኛል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ እማዬ ያኔ ከተማ ስትታከም ማደሪያ አጥታ ነው ሕክምናዋን አቋርጣ የተመለሰችው። ይህን ስሠራ እሷን እያሰብኩ ነበር። እርስዎም እንደዚያ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም።»

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ስለ አሟሟቷ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አባቴ ዞረው በበሩ በኩል ሳንቃውን አዩት። «ሌላ ሰው አልሠራልሽም? በእጅሽ ነው የሠራሽው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«ሳንቃውን ገልብጪው» አሉ። «የተበላበት ፊቱ ለማዕድ ይሁን፤ በሌላኛው እተኛለሁ።»

ስገለብጠው ችንካሮቹ የሚገቡበት ጉድጓድ በዚያ በኩል የለም። ከሰል አቀጣጥዬ ብረት አጋልኩ። አባቴ ብረቱን በጨርቅ ይዘው ሳንቃውን እየተኮሱ ጉድጓዱን ራሳቸው አወጡ። እያሳላቸው ነበር፤ ልቀበልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ማዕዱን ከመኝታው እንዳናምታታው በሚበላበት ፊት ጥግ ላይ ትንሽ መስቀል ተኮሱበት። ከዚያ አማትበው ተኙ። እስኪነቁ ድረስ የስፌት መኪናዬን አላስነሣሁም።

ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱ። በነዚያ ቀናት እኔ ስሰፋ እሳቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ስለ እናቴ ያወሩኝ ነበር። እንዴት እንደተጋቡ፣ ስትቆጣ ምን ትል እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ደረታቸው ተሽሏቸው አገራቸው ገቡ፤ ከዚያም በኋላ ገብሳቸውን አጭደው ለመክተት በቁ።

ያረፉት አምና ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«አባትሽ ሞላሌ ለሕክምና ለሚሄድ ሁሉ ‹ልጄ ቤት እደሩ፤ ለሕመምተኛ ብላ የሠራችው አልጋ አለ› ይሉን ነበር። እኛ አፍረን ነው እንጂ።»

ለእኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ያኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ለሴትዮዋ «አትፈሩ፣ ኑ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ከአባቴ አገር ሕመምተኞች እኔ ጋ ለማደር ይመጣሉ። አንዳንዶቹን በስም እንኳ አላውቃቸውም። ክፍሏ ያችው ጠባቧ ክፍል ናት፤ ሥራዬንም ያስተጓጉሉብኛል። ግን እንግዳ በሬ ላይ ቆሞ የአባቴን ስም ሲጠራ፣ አባቴ ራሳቸው ከኋላው ያሉ ይመስለኛል። ተነሥቼ እከፍታለሁ።